«ሰኔና ሰኞ ገጠመበት»

ጎንደር ውስጥ መከራ ሲደራረብበት ያዩትን ሰው «ምን ያድርግ፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» ይሉታል። ልጁ በታመመበት ሳምንት በሬው የሞተበት ገበሬ ይባልለታል። የቤት ኪራይ በተጨመረበት ወር ከሥራ የወጣ የከተማ ሰውም ይባልለታል። አንዱ ችግር ብቻውን ቢመጣ ይቻል ነበር፤ የሚጥለው መግጠማቸው ነው።

አነጋገሩ የመጣው ከቆየ እምነት ነው። ሰኔ 1 ሰኞ ቀን ከዋለ ዘመኑ ክፉ ይሆናል ይባላል። ይህ የሚሆነው መስከረም 1 ሐሙስ በዋለበት ዓመት ነው፤ በ5፣ በ6 ወይም በ11 ዓመት አንዴ ይመላለሳል።

ሰኔ ለምን ተፈራ? እንደኔ እንደኔ መልሱ ጎታው ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። በሬው ከስቷል፣ እርሻው ግን አሁን ነው። እናት ለዘር ያስቀመጠችውን እህል እያየች ለልጇ ቆሎ ትቆጥባለች። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ከተጨመረ አለቀ።

2007 ዓ.ም. ሰኔ 1 ሰኞ ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ከሸፈ፤ በ2008 በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። 2012ም እንዲሁ ሰኞ ነበር፤ አንበጣና ኮሮና በአንድ ዓመት መጡ። ሽማግሌዎች «አላልናችሁም?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ግን የ77ን ድርቅ ያመጣው የ1976 ክረምት ነው፤ ያን ዓመት ሰኔ 1 የዋለው ዓርብ ነበር። ሰኞ ጥፋት የለባትም።

ዛሬ የሚገጥመው ሌላ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። በመሃል ደግሞ የወር ዝናብ በሦስት ቀን ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል።

ገበሬው ታዲያ ሁለት ችግር እንዳይገጥምበት ያራርቃቸዋል። እዚያው ጎንደር፣ በለሳ ቆላው ላይ ማሽላ ቀድሞ ይዘራል። ማሽላው በቡቃያው ከደረቀ ማሳው ተገልብጦ ጤፍ ይዘራበታል። እሱም ካልሆነ ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይሞከራል። ደምቢያ መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር ላይ፣ ሽምብራና ጓያ ድሮም የሚበቅሉት እንዲህ ነው። ፎገራ ላይ ደግሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ሩዝ ያበቅላል። በበጋ በሞተር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርት ይለማል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለት ቀን ያንተ፣ ሁለት ቀን የኔ። ጥርና የካቲት ላይ ተራራው ላይ የሚሠራው እርከንም ለዚያ የሦስት ቀን ዶፍ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ዘሩ ነው። ሦስት ጊዜ መዝራት ሦስት ጊዜ ዘር ይጠይቃል። ሁለተኛው ከጎታ ይወጣል፣ ልጆች ሊበሉት ከነበረው። ሦስተኛው ብድር ነው፤ የሚመለሰውም ከመከሩ ነው፣ መከር ካለ። ቶሎ የሚደርስ ዘር ነሐሴ ላይ ቢመጣ ለማንም አይጠቅምም። ገበሬው እጅ መግባት ያለበት በሰኔ ነው፣ ማሽላው ሲጠወልግ፣ በሬው ገና ሞፈርና ቀንበሩ ላይ እያለ።