«ይህ ምርት በአካባቢዎ አይገኝም»፦ ስለ ኦንላይን የጌም ሽያጭ ክልከላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቪዲዮ ጌም በአንድ አገር ያለ ችግር ሲሸጥ በሌላው አገር ግን «ይህ ምርት በአካባቢዎ አይገኝም» የሚል አጭር ጽሑፍ ብቻ ሲታይ፣ አብዛኛው ተጫዋች መጀመሪያ የሚጠረጥረው መንግሥትን ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከልካዩ መደብሩ፣ አሳታሚው፣ ባንኩ ወይም ጊዜው ያለፈበት ውል ሆኖ ይገኛል፤ ጽሑፉ ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሸፍኖ ስለሚያልፍ፣ በጉዳዩ ላይ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከመነሻው ይዛነፋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጌሙ ከገበያ ከጠፋ መንግሥት አግዶታል ማለት ነው»

የታይዋኑ ሬድ ካንድል ጌምስ ዲቮሽን የተሰኘውን አስፈሪ ጌም በፌብሩዋሪ 2019 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኦንላይን መደብር ላይ አወጣ። በጌሙ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች በአንዱ ላይ የቻይናውን ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግን ዊኒ ዘ ፑ ከተባለው የካርቱን ድብ ጋር የሚያያይዝ ሽሙጥ በመገኘቱ የቻይና ተጫዋቾች ተቆጡ፣ የተቃውሞ ግምገማ ጎረፈ፣ አዘጋጁም ይቅርታ ጠይቆ ጌሙን በቀናት ውስጥ ከዓለም ገበያ በሙሉ አነሣው። የቻይና መንግሥት ከጉዳዩ ውጭ ነበር ማለት አይቻልም፤ ጌሙን በዚያ ያሳትም የነበረው ኩባንያ የንግድ ፈቃዱን ተነጥቋል። ነገር ግን በታይዋንም ሆነ በአውሮፓ ጌሙ እንዳይሸጥ ያዘዘ ሕግ አልነበረም። ሆኖም ጎግ የተባለው የፖላንድ መደብር በዲሴምበር 2020 ጌሙን እንደሚሸጥ ካስታወቀ በኋላ፣ ከተጫዋቾች ብዙ መልእክት እንደደረሰው ጠቅሶ በዚያው ዕለት ሐሳቡን ለወጠ። አዘጋጁ በ2021 በራሱ ድረ ገጽ መሸጥ ሲጀምር ያስቆመው ሕግ አልነበረም፤ ቀድሞውንም የዘጋበት የነጋዴ ፍርሃት ነበርና።

ከዚህ ይበልጥ ውስብስብ የሆነው በጁላይ 2025 የታየው ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ፣ የክፍያ አቀነባባሪዎችን፣ የካርድ ኩባንያዎችንና የባንኮችን ደንብ ሊጥስ የሚችል ይዘት በመደብሩ እንዳይቀርብ የሚል አዲስ ደንብ አውጥቶ በርካታ የአዋቂ ጌሞችን አነሣ፤ ኢች አይኦ የተባለው የትንንሽ አዘጋጆች መድረክም በዚያው ወር የአዋቂ ይዘቶችን ከፍለጋ ውጤት ሰወረ። ከዚህ ቀደም ብሎ ኮሌክቲቭ ሻውት የተባለ የአውስትራሊያ ቡድን ለክፍያ ኩባንያዎቹ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ማስተርካርድ ግን የትኛውንም ጌም እንዳልገመገመና ይነሣ እንዳላለ አስታወቀ። ቫልቭ በበኩሉ ማስተርካርድ በቀጥታ እንዳላነጋገረው፣ ጥያቄው የመጣው በክፍያ አቀነባባሪዎችና በባንኮቻቸው በኩል መሆኑንና እነሱም የማስተርካርድን ደንብ እንደጠቀሱ ተናገረ። ሁሉም እጁን ታጥቦ ሳለ ጌሞቹ ጠፍተዋል። በእኔ ግምት ከመንግሥት እገዳ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ዓይነቱ ነው፤ መንግሥት ያገደው ነገር ቢያንስ ቁጥር ያለው ውሳኔና ይግባኝ የሚቀርብበት አካል ይኖረዋል፤ እዚህ ግን አቤቱታ የሚቀበል በር የለም።

መንግሥት ራሱ ሲዘጋም ምክንያቱ ሁልጊዜ ይዘት አይደለም። ኢንዶኔዥያ በጁላይ 2022 መጨረሻ ስቲምን የዘጋችው የውጭ የኢንተርኔት አገልግሎቶች እንዲመዘገቡ ያወጣችው ግዴታ ባለመፈጸሙ ነው፤ ጉዳዩ ሲስተካከል መደብሩ በቀናት ውስጥ ተከፈተ።

«የዕድሜ ደረጃ መስጠት በራሱ ሳንሱር ነው»

መልሱ ደረጃው በሕግ ፊት በሚኖረው ኃይል ላይ ይመሠረታል። በአሜሪካ በ1994 የተቋቋመው የኢንዱስትሪው ደረጃ ሰጪ አካል ኢኤስአርቢ የሚሠራው በፈቃደኝነት ነው፤ ካሊፎርኒያ ኃይለኛ ጌሞች ለታዳጊዎች እንዳይሸጡ ያወጣችውን ሕግ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሽሮታል። በአውስትራሊያ ግን ደረጃ የተነፈገ ጌም በሕግ አይሸጥም። ለዚያውም እስከ ጃንዋሪ 2013 ድረስ ለጌሞች የነበረው ከፍተኛ ደረጃ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚለው ስለነበር፣ ለአዋቂዎች ታስቦ የተሠራ ጌም የሚገባበት መደብ ባለመኖሩ ብቻ ሊታገድ ይችል ነበር። ሌፍት ፎር ዴድ 2 የተሰኘው ጌም በ2009 በዚያ የተሸጠው ኃይለኛ ትዕይንቶቹ ተቀንሰው ነው፤ ያልተቀነሰው ቅጂ የ18 ዓመት ደረጃ ያገኘው በ2014 ነው። አዲሱ መደብ ከመጣ በኋላም ስሕተት አልቀረም፤ ዲስኮ ኢሊሲየም ዘ ፋይናል ከት በማርች 2021 ደረጃ ተነፍጎ፣ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በሜይ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተፈቅዷል።

አንዳንዴ ደግሞ የጌሙ መጥፋት ከወረቀት ሥራ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ከኖቬምበር 2024 አጋማሽ ጀምሮ ስቲም የዕድሜ ደረጃ የሌላቸውን ጌሞች ለጀርመን ደንበኞች አያሳይም፤ አዘጋጁ ደረጃውን ለማግኘት የሚጠበቅበት ቫልቭ ያዘጋጀውን መጠይቅ ያለ ክፍያ መሙላት ነው። ከዓመታት በፊት ጌሙን ሠርቶ የተወ ሰው መጠይቁን ካልሞላ ጌሙ ለጀርመናዊው ይሰወራል፤ ይዘቱን አይቶ የፈረደ ማንም ሳይኖር።

«በጀርመን የናዚ ምልክት ያለበት ጌም መሸጥ ፈጽሞ ክልክል ነው»

እስከ 2018 ድረስ በተግባር ልክ ነበር። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ ሕገ ወጥ ድርጅቶችን የሚያመለክቱ ምልክቶችን ይከለክላል፤ ዎልፈንስታይን 3ዲ በዚሁ ምክንያት በ1994 ተወርሷል፤ በ2017 የወጣው ዎልፈንስታይን 2 ደግሞ በጀርመን የተሸጠው ምልክቶቹ ተነሥተው፣ ሂትለርም ጢሙን ተላጭቶ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊልሞች በዚያው ሕግ ውስጥ ለጥበብና ለታሪክ የተተወውን ልዩ ሁኔታ ይጠቀሙ ነበር። በኦገስት 2018 የጀርመን ጌም ደረጃ ሰጪ አካል ያንኑ ልዩ ሁኔታ ለጌሞችም እያንዳንዱን በየራሱ በመመርመር እንደሚሠራበት አስታወቀ። የተለወጠው ሕጉ ሳይሆን አተረጓጎሙ ነው።

«አንድ አገር የሚያግደው የሚነካው የዚያን አገር ሰው ብቻ ነው»

ፎልአውት 3 በ2008 ለአውስትራሊያ ሲቀርብ፣ ሞርፊን በእውነተኛ ስሙ በመጠቀሱ ደረጃ ተነፍጎት ነበር። አዘጋጁ ቤተስዳ መድኃኒቱን «ሜድ ኤክስ» ብሎ ሲሰይመው ለውጡ በመላው ዓለም በተሸጡት ቅጂዎች ውስጥ ገባ። ሁለት ቅጂ ከመያዝ አንድ መያዝ ይረክሳልና ጥብቁ አገር ለሁሉም ይወስናል።

«የክልል ቁልፍ ሁሉ ሳንሱር ነው»

አብዛኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። አሳታሚዎች አቅም ዝቅተኛ በሆነባቸው ገበያዎች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ከዚያም ርካሹ የማስጀመሪያ ኮድ (የተገዛውን ጌም የሚከፍተው ቁጥር) ወደ ውዱ ገበያ እንዳይሻገር ይቆልፉታል። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ሕጋዊ አይደለም። በጃንዋሪ 2021 የአውሮፓ ኮሚሽን ቫልቭን እንዲሁም ካፕኮምንና ባንዳይ ናምኮን ጨምሮ ሌሎች አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ በአንዳንድ የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች የተሸጡ የማስጀመሪያ ኮዶች በቀረው የአውሮፓ ገበያ እንዳይሠሩ በመደረጋቸው ነው። ቫልቭ የቅጂ መብትን መከራከሪያ አድርጎ ቢያቀርብም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2023 አልተቀበለውም።

የሄልዳይቨርስ 2 ጉዳይ ደግሞ ዋጋም ይዘትም የለበትም። በሜይ 2024 ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኦንላይን ጌም አገልግሎት) አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ተነሣ፤ አገልግሎቱ በይፋ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶችም ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ተነሣ። ተጫዋቾች ሲያምፁ ሶኒ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ተወው፤ የሽያጩ ክልከላ ግን ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆየ።

«ቪፒኤን ካለ ችግር የለም»

ስቲም ደንበኛው በቪፒኤን (ተጠቃሚው ያለበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) አገሩን ደብቆ እንዳይገዛ በውሉ ይከለክላል፤ የመደብሩን አገር ለመቀየርም የዚያ አገር የመክፈያ ዘዴ ይጠይቃል። ውሉን የጣሰ ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠው አንዱን ጌም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካውንቱን ነው።

«ከመደብር የተነሣ ጌም ከገዢውም ይወሰዳል»

እንደ ደንቡ አይወሰድም። ፎርዛ ሆራይዘን 4 ለመኪኖቹና ለሙዚቃው የተገባው ፈቃድ በማብቃቱ በዲሴምበር 2024 ከሽያጭ ቢነሣም፣ ቀድሞ የገዛው ሰው አውርዶ መጫወት ይችላል። በኦንላይን ሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠራ ጌም ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ዩቢሶፍት የመጀመሪያውን ዘ ክሩ በማርች 2024 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ብቻቸውን ይጫወቱ የነበሩትም ጭምር የገዙት ጌም መሥራት አቁሟል። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ያወጣችው፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ጌሙ እንዳይዘጋ አይከለክልም፤ መደብሩ «ግዛ» ከማለቱ በፊት ደንበኛው የሚያገኘው ሊሻር የሚችል የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግረው ብቻ ያስገድዳል።