የኢንዶሜትሪዮሲስ «ደረጃ 4» ምን ማለት ነው?

የባሕር ዳር እህቶቼ፣ ጥያቄው ስለበዛ ነው የምጽፈው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ ነው። ደረጃው እንደ ካንሰር ደረጃ አይደለም። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ያየውን ቁስለትና የውስጥ አካላት እርስ በርስ መጣበቅ በነጥብ ይደምራል፤ 1–5 ደረጃ 1፣ 6–15 ደረጃ 2፣ 16–40 ደረጃ 3፣ ከ40 በላይ ደረጃ 4። ሕመምን ግን አይለካም። 4 ነጥብ ያላት ከገበያ ጣና ዳር ድረስ መራመድ ሲያቅታት፣ 50 ያላት ምንም ላይሰማት ይችላል። ይኼ ከሰው ሰው ይለያያል።

ኤንዚያን የሚባለው ሌላው የአመዳደብ ዘዴ ደግሞ ነጥብ አይደምርም፤ በሽታው የት እንደገባና ምን ያህል እንደሰፋ፣ አንጀትም ይሁን ፊኛ፣ በፊደልና በቁጥር ይጽፋል። ለቀዶ ሐኪም ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ዘዴ ኢ.ኤፍ.አይ (የኢንዶሜትሪዮሲስ የመፀነስ ዕድል መለኪያ) ከ0 እስከ 10 ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ በተፈጥሮ የመፀነስን ዕድል ይገምታል። እዚህ ላይ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደስ ይበላችሁ።