ቀዳዳው ገጥሞ ጎማው ለምን ይፋተጋል?

ለድሮ ሂሉክስ ፎር ባይ ፎር ቸርኬ ስትመርጡ ስድስቱ የብሎን ቀዳዳ (የተደረደሩበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊሜትር) መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ግራ የሚያጋባው ኦፍሴት ነው፦ ሞዞው (ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት ክፍል) ላይ የሚያርፈው ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ የሚናገር ቁጥር። ፕላሱ ሲጨምር ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ማይነስ ሲሄድ ወደ ውጭ ይወጣል።

ለምሳሌ ወርዱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ፕላስ 10 የነበረውን ቸርኬ ወርዱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ማይነስ 10 በሆነ ብትቀይሩ የውጭ ጠርዙ 33 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል፦ 12.7ቱ ከወርዱ (የተጨመረው ኢንች ግማሽ)፣ 20ው ከኦፍሴቱ። ውስጥ በኩል እንዲያውም 7 ሚሊሜትር ክፍተት ይጨምራል። ባሌስትራውን አይነካም ማለት ነው፤ የሚጎዳው ፓራፋንጎውና የሞዞው ኩሽኔታ ነው።

ስሌቱ ለሁሉም መኪና አንድ ነው። ፓራፋንጎው ስንት እንደሚችል ግን እንደ ጎማው ቁመትና እንደ ባሌስትራው መርገብ ይለያያል፤ ከመግዛታችሁ በፊት መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ክፍተቱን ለኩ።