የኬብል ቀጠና ምንድን ነው?

አናጢው የኪችን ካቢኔት ሊሰቅል ትራፓኖውን ደግኖ «እዚህ ጋ መስመር የለም አይደል?» አለኝ። «የለም» አልኩት፣ በሙሉ ልብ። ከምን ተነስቼ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ጧ አለና ብሬከሩ ጣለ። ሰውየው ተርፏል፤ የትራፓኖው ጫፍ ግን ጠቁሮ ወጣ።

ከቀዳዳው በታች፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ወረድ ሲሉ ሶኬት አለ። ያንን አይቶ መጠርጠር ነበረብኝ።

የኬብል ቀጠና ማለት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ያልፍበታል ተብሎ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ከእያንዳንዱ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። የእንግሊዞቹ የኤሌክትሪክ ደንብ፣ ቢኤስ 7671፣ ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። ከ5 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት የሚቀበር ኬብል ከነዚህ መስመሮች ከወጣ የብረት መከላከያ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ከኮርኒስ ሥር ያለው 15 ሳንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ሁለት ግድግዳ ከሚገናኙበት ጥግ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሶኬት ባይኖርም ቀጠና ነው። ግድግዳው ከ10 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ደግሞ ከጀርባው ክፍል ያለው ሶኬትም ይቆጠራል። የኛ ባለ 10 ብሎኬት ከነልስኑ ከዚያ ወፈር ይላል፤ እኔ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ጀርባውን ሳላይ አላስበሳም።

አንዳንዱ «አስተማማኝ ቀጠና» ይለዋል። አስተማማኝነቱ ለኬብሉ ነው። ለትራፓኖ ክልክል ቦታ ነው።

ችግሩ ግን ቱቦና ኬብል ለመቆጠብ ሰያፍ የሚቀድ ባለሙያ አይጠፋም። በተለይ ለምጣድ በኋላ የተጨመረን መስመር አትመኑ። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያንን ኬብል ሚስማር ቢነካው ብሬከሩ የግድ ላይጥል ይችላል። ፕላስቲኩ ብቻ ተልጦ ወራት ይቆይና አንድ ቀን የካቢኔቱ ብሎን ራሱ ኮረንቲ ይይዛል።

እንዴት ይታወቃል? ብሬከሩን አጥፉ፣ ሶኬቱ መሞቱን በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ የሶኬቱን ሁለት ብሎኖች ፈታችሁ ወደ ውጭ ሳብ አድርጉት። በስልክ መብራት ሳጥኑን እዩ። የቱቦው አፍ ከላይ ከገባ ኬብሉ ከላይ ነው የመጣው፤ ከጎን ከገባ ከጎን። ሁለት አፍ ካለው አንዱ ወደ ሌላ ሶኬት እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን መነሻውን እንጂ መንገዱን በሙሉ አይነግርም። መፈለጊያ መሣሪያ ካላችሁ ሶኬቱን መልሳችሁ አስራችሁ፣ ብሬከሩን አብርታችሁ ግድግዳውን ዳስሱበት፤ ቮልቴጅ የሚያሸተው ዓይነት የጠፋ መስመር አያገኝም። እርጥብ ግድግዳም ያሳስተዋል። ዝም ስላለ ብቻ አትብሱ። ስትበሱም ብሬከሩን መልሳችሁ አጥፉ።

አዲስ መስመር የምታስቀብሩ ከሆነ ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ፣ በቱቦ። ቅጥያ ልስን ውስጥ አይቀበርም፤ ክዳኑ የሚከፈት ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ይሁን። እኔ ባለፈው ግድግዳው ሳይለሰን ሜትር ዘርግቼበት ፎቶ አነሳሁ። አሁን ትራፓኖ የያዘ ሰው ቤቴ ሲገባ ከቡናው በፊት የሚቀርብለት እሱ ነው።