«ለቅሶ ሳለ ከቤት፣ ይሄዳሉ ጎረቤት»

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ወንድሟን ከቀበረች ወር ያልሞላት ሴት መጥታ ከሁሉም በላይ አለቀሰች። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «ለቅሶ ሳለ ከቤት፣ ይሄዳሉ ጎረቤት» አለ፤ ያውም እሷ እስክትሰማ። ደሜ ፈላ።

ተረቱ የራሱን ትቶ ለሰው ጉዳይ የሚሯሯጥን ለመውቀስ እንደሚነገር አውቃለሁ። ጣራው እያፈሰ የጎረቤቱን ለሚጠግን ሰው ይነገር፣ ግድ የለኝም። ለሀዘንተኛ ግን አይሆንም።

እኔ ባደግሁበት በተሁለደሬ ገጠር እድሩ ቅሬ ነው የሚባለው። ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይባል የቅሬው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ቡና ይቆላሉ። የቀረ ይቀጣል። እኔም ሀዘን አለብኝ ብሎ መቅረት የለም።

አያቴን የማስታውሳት እዚያ ነው። የመጨረሻ ልጇ በ1977ቱ ክፉ ቀን በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሄዶ ቀረ። ሬሳ አልመጣ፣ መርዶ በወጉ አልተነገረ። ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ ተስፋ አለ፤ አለ ብላ እንዳትጽናና ወሬው የለም። ቤቷ ውስጥ ስታለቅስ አንድም ቀን አላየኋትም። ጎረቤት ሰው ሲሞት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። በሟቹ ስም ትጀምርና ትንሽ ቆይቶ የልጇ ስም ይገባል። ማንም «ይሄ የኛ ለቅሶ ነው» አላላትም። ባለ ሀዘኗ ራሷ ተነስታ አንገቷን አቅፋ አብራት ታለቅሳለች። የዚያን ቀን ማታ አያቴ እንጀራ ጠግባ ትበላ ነበር። በሌላው ቀን እንዲያ አትበላም።

ስለዚህ እኔ ተረቱ መነሻው ወቀሳ አይመስለኝም። ልብ በሉ፣ «ይሄዳል» አይልም፤ «ይሄዳሉ» ነው የሚለው። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው እንደማለት። ከቤት፣ ጎረቤት ብሎ ቤት መምታቱም የሙሾ ለዛ አለው። ከአንዲት አልቃሽ አፍ ወጥቶ የቀረ ነው ባይ ነኝ። ያቺ አልቃሽ ያየችው የራሱን የረሳ ሰው አይደለም። ብቻውን ሲሆን እንባ እምቢ ያለውን ሰው ነው።

ዛሬ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ የሚያለቅስ ሰው ያፍራል። «በቃ፣ በርቺ» እያልን ዝም እናሰኛለን። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህን ተረት እንደ ድንጋይ እንወረውራለን። እባካችሁ ለቅሶ ቤት ውስጥ አታውጡት።

ሴትዮዋ ሰምታው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ዝም አለች። ንፍሮ ታዞር የነበረች አንዲት ትልቅ ሴት ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አልቅሺ ልጄ» አለቻት። «ወንድምሽን ማን ነበር የምትሉት?»