የገጽ ድምቀት ምንድን ነው?

«ኤም 33 የተባለው ጋላክሲ ማግኒቲዩዱ (የድምቀት ቁጥሩ) 5.7፣ ኤም 82 የተባለው ጋላክሲ ደግሞ 8.4 ነው። ቁጥሩ ያነሰው ይደምቃል። እንግዲህ 82ን ያገኘ ሰው 33ን ሊያጣው አይችልም፤ ካጣው ቴሌስኮፑን ያስመርምር።» ይህ ምክር በተደጋገመ ቁጥር በረሃ ድረስ ሄዶ ደህና የነበረ መስታወቱን በጨለማ ሲፈታ የሚያድር ጀማሪ አይጠፋም። ቴሌስኮፑ ምንም አልሆነም። ችግሩ የማይመለከተውን ቁጥር ማንበቡ ነው።

ማግኒቲዩድ የጋላክሲው ብርሃን በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢከመር ምን ያህል እንደሚደምቅ ይነግራል። ኮከብ ነጥብ ስለሆነ ለኮከብ ይበቃል። ጋላክሲ ግን ስፋት አለው። የገጽ ድምቀት ማለት ያ ብርሃን ለተዘረጋበት ስፋት ሲካፈል ለእያንዳንዷ ካሬ አርክ ሰከንድ የሚደርሳት ድርሻ ነው (አርክ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ፣ አርክ ሰከንድ ደግሞ የአርክ ደቂቃ 60ኛ ክፍል ነው)።

ኤም 33 ሰማይ ላይ 70 በ42 አርክ ደቂቃ ገደማ ይይዛል፤ ኤም 82 ደግሞ 11 በ4.3። የ2.7 ማግኒቲዩድ ልዩነት ማለት ኤም 33 የሚልክልን ብርሃን 12 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስፋቱ ግን 62 እጥፍ ነው። ስለዚህ እኩል ቁራሽ ሰማይ ቆርጠን ብናወዳድር ኤም 82 5 እጥፍ ይደምቃል። በማግኒቲዩድ ሲጻፍ 23.0 ለኤም 33፣ 21.2 ለኤም 82 ይሆናል።

በቀለም እናስበው። አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም በር ቢቀባበት በሩ ይነጣል። 12 ጣሳ ገዝቶ 62 በር የሚያህል ግድግዳ ላይ ያዳረሰ ሰው «ከጎረቤቴ 12 እጥፍ ቀለም አለኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ግድግዳው ግን አልነጣም። ደግሞም ግድግዳው ከመነሻው ጥቁር አልነበረም። ከማንኛውም ከተማ የራቀ ሰማይ እንኳ 22.0 ያህል የራሱ ድምቀት አለው። በዚህ ሰማይ ላይ ኤም 33 ከጀርባው 40 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ዓይን ይለየዋል። ሰማዩ 20 በሆነበት የከተማ ዳርቻ ጭማሪው ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፣ 18 በሆነበት ከተማ ወደ 1 በመቶ። ሰው በረሃ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጋላክሲው እዚያ ሲሄዱ አይደምቅም፤ ግድግዳው ነው የሚጠቁረው።

«የገጽ ድምቀቱ ዝቅ ያለው ሩቅ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። ወደ ግድግዳ መጠጋት ቀለሙን አያወፍረውም። ርቀቱ በግማሽ ቢያጥር ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋትም 4 እጥፍ፤ ሲካፈል ያው ነው። (በጣም ሩቅ በሆኑት ላይ የጠፈር መስፋፋት የገጽ ድምቀትን ይቀንሳል፤ በአማተር ቴሌስኮፕ በዓይን ለምናያቸው ጎረቤቶች ግን ከቁጥር አይገባም። አድማስ አጠገብ የሚጠፋው ብርሃን እጅግ ይበልጣል።)

ሌላ ወጥመድ፦ አንዳንድ ካታሎግ ስሌቱን በካሬ አርክ ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ያኔ ከቁጥሩ 8.9 ይቀነስና ኤም 33 14.1 ሆኖ ይታያል። «ቴሌስኮፔ ከ13 በላይ አያሳይም» ብሎ የሚሰርዘው ሰው ሁለት ስህተት በአንዴ ሠራ፦ የኮከብን ገደብ ለገጽ አዋለ፣ መለኪያውንም ሳያይ አለፈ።

አሁን ዋናው ጠብ፦ «ትልቅ ቴሌስኮፕ ጋላክሲውን ያደምቀዋል።» አያደምቀውም። በዓይን የሚታይ ስፋት ያለው ነገር በማንኛውም ቴሌስኮፕ ውስጥ በባዶ ዓይን ከሚታየው የበለጠ የገጽ ድምቀት አይኖረውም። ወሳኙ ከአይፒሱ (ዓይን ከሚጠጋበት ሌንስ) የሚወጣው የብርሃን ዘንግ ውፍረት ነው፤ የመስታወቱን ስፋት ለማጉያው እጥፍ ማካፈል ነው። 200 ሚሊ ሜትር መስታወት በ50 እጥፍ 4 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ብሌኑ በጨለማ 7 ሚሊ ሜትር ለሚከፈት ዓይን ድምቀቱ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው። በ100 እጥፍ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ድምቀቱም ከ12 አንድ።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ አታጉላ» የሚል ይነሳል። ቀለሙ ላስቲክ ላይ የተቀባ ነው እንበል (ምሳሌው እዚህ ጋ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ግን ይሸከመናል)። ላስቲኩ ሲለጠጥ ቀለሙም ይሳሳል፣ ግራጫው ጀርባም እኩል ይሳሳል፤ የ40 በመቶው ልዩነት አይነካም። የሚለወጠው የሥዕሉ ትልቀት ነው፤ ዓይን ደግሞ ደብዛዛ ነገርን ትልቅ ሲሆን ይበልጥ ይለያል። ትልቅ መስታወት የሚጠቅመው በዚህ ነው፦ በዚያው ድምቀት የበለጠ ማጉላት ያስችላል። ኤም 82ና ኤም 104ን የመሰሉ ትንንሽና ደማቅ ጋላክሲዎች በ100 እጥፍ የሚያምሩት ለዚሁ ነው።

ኤም 33 ላይ ግን ማጉላት በሌላ መንገድ ይጎዳል። የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 52 ዲግሪ የሚያሳይ አይፒስ ቢገባ የሚታየው ሰማይ 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ጋላክሲው 70 አርክ ደቂቃ ነው። መስኮቱን ይሞላዋል፤ ጠርዙ አይታይም፤ ጠርዝ የሌለው ነገር ለዓይን ጀርባ ነው። በትክክል እያነጣጠሩ «የለም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ናቸው። 32 ሚሊ ሜትር አይፒስ አስገቡ፤ 1.4 ዲግሪ ገደማ ይከፍታል። ከዚያ ቱቦውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ ግፉ። ዓይን የቆመ ጭጋግ ይስታል፣ የሚንቀሳቀስ ግን ይይዛል። በቀጥታ አትመልከቱ፤ መሃሉን ትታችሁ በጎን እዩ።

የዓይን ጨለማ መልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ የበራ የስልክ ስክሪን ያፈርሰዋል። ቀይ መብራት ይሻላል፣ ደማቅ ቀይ ግን ያው መብራት ነው። መስታወቱን ከማየታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጭ አውጡ፤ የበረሃ አየር ከመሸ በኋላ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፣ የሞቀ መስታወት ሥዕል ያንቀጠቅጣል። ያም ሆኖ ለጋላክሲ ዋናው ጠላት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ አቧራ ነው። ነፋስ ካነሳው አቧራ በኋላ ከዋክብቱ ረግተው፣ ሌሊቱም የተዋጣለት መስሎ ሳለ ኤም 101 የተባለው ደብዛዛ ጋላክሲ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል፤ አቧራው የጋላክሲውን ብርሃን ይበትናል፣ ግድግዳውንም ያነጣዋል። መስታወት ላይ ያረፈውን ግን በጨርቅ አትንኩት፤ አሸዋ ሽፋኑን ይጭራል፣ የሳሳ አቧራ ከዚያ ያነሰ ጉዳት ነው የሚያደርሰው።

23.0ም ቢሆን አማካይ ነው። የኤም 31 (የአንድሮሜዳ ጋላክሲ) አማካይ 22.2 ገደማ ሲሆን እምብርቱ ግን ከዚያ እጅግ ስለሚደምቅ ከከተማ ዳርም ይታያል፤ የሚጠፋው ዳርቻው ነው። ዝርግ ጋላክሲ በጠርዙ በኩል ሲታይም ኮከቦቹ ስለሚደራረቡ ድምቀቱ ይጨምራል፣ መሃል ያለው አቧራ ካልሸፈነው። የኔቡላ (የሚያበራ የጋዝ ደመና) ማጣሪያ ገዝቶ ኤም 33ን ለማድመቅ መሞከርም ከንቱ ነው፦ የጋላክሲ ብርሃን የኮከቦች ድምር ስለሆነ ማጣሪያው ከሰማዩ ጋር አብሮ ይቆርጠዋል። በዚያው ጋላክሲ ክንድ ላይ ያለው ኤንጂሲ 604 ግን የሚያበራ ጋዝ ነው፤ እሱ ላይ ማጣሪያው ይሠራል፣ ማጉላቱንም ይችላል።