የሕክምና መረጃ ተደራሽነት ምንድን ነው? «ስልክ አለው» ማለት ግን አይደለም

ሰሞኑን ስለ ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሲወራ አንድ ተናጋሪ የመረጃ ችግር ድሮ ቀርቷል አሉ። ሁሉም ስማርት ስልክ ይዟል፣ ጎግል ማድረግ ነው እንጂ ምን ጎደለው ባይ ናቸው። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ይህን ነገር በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዚህ አባባል ሥልጠናም፣ በጀትም፣ የኔ ዓይነት ሠራተኛም «አያስፈልግም» ይባላል።

ተደራሽነት ማለት ትክክለኛውና ወቅታዊው መልስ፣ ውሳኔ በሚሰጥበት ሰዓት፣ ባለሙያው ሊሠራበት በሚችል መልክ እጁ መግባቱ ነው። ሊንክ ተከፈተ ማለት ገና ምንም ማለት አይደለም።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከውሃ ያውቀዋል። ዋናው መስመር በበራችሁ ስላለፈ ቤታችሁ ውሃ አለ አይባልም። መጀመሪያ ቆጣሪ ማስገባት አለ። ከዚያ ተራ አለ። ተራው ሌሊት ከሆነ በርሜል የሚሞላው ያልተኛ ሰው ነው። መጣ ሲባልም ደፍርሶ ሊመጣ ይችላል። ተናጋሪው ያዩት መስመሩ ማለፉን ብቻ ነው።

ከቆጣሪው፣ ማለትም ከመግቢያ ፈቃዱ እንጀምር። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ማንም በነጻ ይፈልግበታል፤ ግን በአብዛኛው የሚያገኘው የጥናቱን አጭር መግለጫ (አብስትራክት) ነው። ሙሉው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከ6 ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሂናሪን፣ ማለትም የጤና ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርበውን ፕሮግራም የጀመረው። የኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። ነገር ግን የሚመዘገበው ተቋም ነው፣ ግለሰብ አይደለም። ለትርፍ የሚሠራ የግል ክሊኒክ አይገባበትም። ስለዚህ ስታዲየም አካባቢ የግል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ስልክ አላት፣ ዳታ አላት፣ ቆጣሪ ግን የላትም። (የተመዘገባችሁም ብትሆኑ፣ የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ። የሚዘጋው በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በተቋሙ ሁሉ ላይ ነው።)

በአጭር መግለጫ ብቻ መሥራት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ፕሎስ ሜዲሲን የተባለው መጽሔት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታሪክ አለ። በደቡባዊ አፍሪካ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሠራ አንድ ሐኪም የሚያገኘው አጭር መግለጫ ብቻ ነበር። በአንዲት መግለጫ ተመርተው ጥሩ የሚሠራውን ሕክምና ደከም ባለ ሕክምና ለወጡት። ሙሉው ጽሑፍ ቢኖራቸው ኖሮ ክትትሉ አጭር፣ መረጃው ያልተሟላ መሆኑን ያዩ ነበር።

ድፍርሱ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም በነጻ ይከፈታል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም እንዲረጋ የሚረዳ መድኃኒት የሚታሰበው በዋናነት ማኅፀን የሚያኮማትሩት ኦክሲቶሲንና መሰሎቹ ሲያቅታቸው ነበር። በ2017 ከ20,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። በዚያው ዓመት ምክሩ ተቀየረ፦ ደሙ በየትኛውም ምክንያት ይፍሰስ፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ። የድሮው ፒዲኤፍ ግን ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ማኅተሙ የድርጅቱ ነው፣ ሊንኩ ይሠራል፣ ክፍያ የለውም። የያዘው መልስ ግን አርጅቷል። የመድኃኒቱ ጥቅም በየደቂቃው እየቀነሰ ስለሚሄድ «መጀመሪያ ሌላው ይሞከር» ብሎ መጠበቅ እናትየዋን ሊያሳጣን ይችላል።

መልኩም አለ። ሌሊት ዱቲ ላይ ብቻዋን ያለች አዋላጅ ነርስ የ20,000 እናቶችን ጥናት ቁጭ ብላ አታነብም። የምትፈልገው ይህን ነው፦ 1 ግራም፣ በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደሙ ካልቆመ አንድ ጊዜ ይደገማል። ያ ጥናት ወደዚህች መስመር እስኪወርድ ብዙ ሰው ይለፋበታል። ለጤና ጣቢያዎቻችን የተዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ የዚህ ልፋት ውጤት ነው። እሱም ቢሆን በየጊዜው ካልታደሰ ተመልሶ ይደፈርሳል።

«ኦፕን አክሰስ (ጽሑፍን ለማንም በነጻ ክፍት ማድረግ) መጥቷል እኮ» የሚለኝም አይጠፋም። መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ጽሑፉ ነጻ መሆኑ ስለ ጥራቱ የሚነግረን ነገር የለም። ገንዘብ ከተከፈላቸው ምንም የሚያትሙ መጽሔቶችም በነጻ ይነበባሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ አገር በዘመን አቆጣጠራችን የሚመጣ ችግር ነው። ዋርድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት «2012» ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ አዲሱን ምክር የያዘ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ምክሩ ከመቀየሩ 5 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። እባካችሁ፣ ፕሮቶኮል ስትለጥፉ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የምትለዋን አትተዉ። የለጠፈውን ክፍል ስምም ጻፉበት፤ ጥርጣሬ ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው ይኑር።